አትሮኖስ፣ ምስባክ ወይስ መድረክ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ማኅበራችን ለአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ሰባኪው መጽሐፉን አስቀምጦ የሚያስተምርበት ዕቃ ከዋንዛ እንጨት አሠርቷል። ከፊቱ ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ልንለጥፍበት ነው። በስሙ ላይ ግን መስማማት አቃተን። አናጺው ደረሰኙ ላይ ‹ፖዲየም› ብሎ ጻፈ። እኔ ‹አትሮኖስ› ነው አልኩ። ግእዝ የሚማር ወንድማችን ‹ምስባክ ይባል› አለ። መሪጌታችን ደግሞ ‹ምስባክ የዳዊት መዝሙር ነው እንጂ ዕቃ አይደለም› ብለው ተቆጡ። የቀሩት ‹መድረክ በሉትና ተገላገሉ› ይላሉ። ሰሌዳው ላይ ‹መምህራን ከዚህ አትሮኖስ ላይ ወጥተው እንዲሰብኩበት የተበረከተ› ብለን ልናስቀርጽ ነበር። ትክክሉ የቱ ነው?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሰሌዳው ገና ካልተቀረጸ ጥቂት ይታገሡኝ። ነሐስ ላይ የገባ ስሕተት ዕድሜው ረጅም ነው። ስለነዚህ ቃላት ከሰው ጋር ስከራከር ያመሸሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በየሳምንቱ በባነር ላይ ተደባልቀው አያቸዋለሁ፤ በሞንታርቦም ሲደባለቁ እሰማለሁ። ስለዚህ መልሴ ከጠየቁኝ በላይ ቢረዝም አይቀየሙኝ።

ዋናውን ላስቀድም። ዕቃው አትሮኖስ ነው፤ እርስዎ ልክ ነዎት። የተሳሳተው «ላይ ወጥተው» የሚለው ነው። አትሮኖስ ላይ ሰው አይወጣም። አትሮኖስ ላይ የሚወጣው መጽሐፍ ነው።

ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው። ግሪኩ «ትሮኖስ» ይላል፤ ዙፋን ማለት ነው። ግእዝ በቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ ያለ አናባቢ ተከታትሎ ሲመጣበት ይከብደዋል። ስለዚህ ፊት ለፊት አናባቢ ይጨምርበታል። የግሪኩ «ስቴፋኖስ» እኛ ዘንድ «እስጢፋኖስ» የሆነው በዚህ ነው። የጣናው ደጋ እስጢፋኖስ በየቀኑ ስሙ ሲጠራ ይህን ይመሰክራል። ልማዱ ወደ አማርኛም ወርዷል፤ «ስታዲየም» የሚለውን ብዙው ሰው ዛሬም «እስታዲየም» ይለዋል። ትሮኖስም እንዲሁ «አትሮኖስ» ሆነ፤ በድሮው ጽሕፈት «አትሮንስ»። ሁለቱም ይጻፋሉ፤ እኔ ለአማርኛ «አትሮኖስ» ይሻላል እላለሁ።

ትርጉሙ መጀመሪያ ያው ዙፋን ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ አትሮንሰ ማርያም፣ «የማርያም ዙፋን» ናት እንጂ የመጽሐፍ ማስቀመጫ አይደለችም። ታዲያ ዙፋኑ እንዴት የመጽሐፍ ማስቀመጫ ሆነ? እኔ የማምነው ወንጌሉ እንደ ንጉሥ ስለሚከበር ነው። ወንጌል ሲነበብ ቆመን እንሰማለን፤ ሲያልቅም እንሳለመዋለን። እንዲህ የሚከበር መጽሐፍ የተቀመጠበት ነገር ዙፋን ቢባል ተገቢ ነው። ስለዚህ ነው ሰው ሲቆምበት ጆሮዬን የሚያመኝ። አንዳንዶች «አትሮኖስ ማለት ሰባኪው የሚቆምበት ከፍታ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ምናልባት የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል አይተው ይሆናል። የእኛን አላዩም።

የእኛን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጀልባ ዘጌ ይሻገሩና ኡራ ኪዳነ ምሕረት ይግቡ። ክቡን ቤት ከውጭ ወደ ውስጥ ያስተውሉት። ቅኔ ማኅሌቱ አለ፤ ደባትሩ በዚያ ይዘምራሉ። ቅድስቱ አለ። መካከል ላይ መቅደሱ አለ፤ ግድግዳው በሥዕል ተሞልቷል። ሰባኪ ደረጃ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች የሚናገርበት ሰገነት ግን የለም። እዚያው ጣና ላይ ወዳለው ናርጋ ሥላሴም ቢሄዱ የለም። ያለው አትሮኖስ ነው። አሮጌው ዐይነት እንደ መቀስ የሚከፈትና የሚታጠፍ ነው። እግሮቹ ተጠላልፈው ይቆማሉ። ላዩ ላይ ጠፍር ወይም ጨርቅ ይወጠራል፤ ብራናው በዚያ ላይ ይዘረጋል። ሲጨርሱ አጥፈው ግድግዳ ጥግ ያስደግፉታል። ከቦታ ቦታ የሚሄድ ዕቃ ነው። ማንም ሊወጣበት አይችልም፤ ቢሞክር ይሰበራል።

በቅዳሴ ጊዜም ንባቡ የአንድ ሰው አይደለም። የጳውሎስን መልእክት ዲያቆኑ ያነባል። የሌሎቹን ሐዋርያት መልእክት ንፍቁ (ረዳቱ) ዲያቆን፣ የሐዋርያትን ሥራ ንፍቁ ካህን ያነባል። ወንጌሉን ገባሬ ሠናዩ፣ ማለትም ቅዳሴውን የሚመራው ካህን። ከወንጌሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይመጣል፤ እሱም መሪጌታዎ የተቆጡለት ምስባክ ነው።

ምስባክ ለየዕለቱ በግጻዌ፣ ማለትም የዕለቱን ንባባት በሚደለድለው መጽሐፍ፣ የተወሰነ የዳዊት ቃል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መስመር ነው። ዲያቆኑ በዜማ ያወርደዋል፤ ሕዝቡ ይቀበለዋል። የዐቢይ ጾም መግቢያ በሆነችው በዘወረደ እሑድ ምን እንደሚባል ያስታውሱ፦ «ተቀነዩ ለእግዚአብሔር በፍርሃት፤ ወተሐሠዩ ሎቱ በረዓድ፤ አጽንዕዋ ለጥበብ ከመ ኢይትመዓዕ እግዚአብሔር»። መዝሙር 2 ነው። ይህን በዜማ የሰማ ሰው «ምስባክ» ሲባል ሌላ ነገር አይመጣለትም። መሪጌታው በልማድ በኩል ትክክል ናቸው።

በሰዋስው በኩል ግን ወጣቱ ወንድማችሁም ዝም ብሎ አልተናገረም። ሊደገፍ ይገባዋል። በግእዝ በ«ም» የሚጀምሩ ብዙ ስሞች የቦታ ስሞች ናቸው። ፀሐይ ሠረቀ፣ ወጣበት፤ ምሥራቅ። ዐረበ፣ ጠለቀበት፤ ምዕራብ። ሰከበ፣ ተኛበት፤ ምስካብ። ኰነነ፣ ፈረደበት፤ ምኵናን። ረፈቀ፣ ለማዕድ ተቀመጠበት፤ ምርፋቅ። በዚሁ መንገድ ሰበከ፣ ምስባክ፤ የሚሰበክበት። ቅርጹ ቦታን ለመናገር የተመቸ ነው።

እንግዲያ የቦታው ስም እንዴት ለመዝሙር ተሰጠ? እዚህ ላይ በጣም የምወደው ምሳሌ አለ። «ምዕራፍ»ን ይመልከቱ። ዐረፈ ካለው የወጣ ነው፤ ማረፊያ ቦታ ማለት ነው። መንገደኛ የሚያርፍበት። ዛሬ ምዕራፍ ስንል መጀመሪያ የሚመጣልን የመጽሐፍ ክፍል ነው፤ አንባቢ የሚያርፍበት። ቦታው ወደ ጽሑፍ ተሻገረ። ምስባክም የሄደው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ይህን ስል የሚቃወመኝ እንዳለ አውቃለሁ። «ምግባርስ? ምግባር ሥራ ነው እንጂ የሥራ ቦታ አይደለም። ምስባክም ከመጀመሪያው የሚሰበከው ቃል እንጂ ቦታው አይደለም» ይለኛል። መልስ አለኝ፤ ግን ሙሉ አይደለም። በ«ም» የሚጀምር ሁሉ የቦታ ስም አይደለም፤ ቅርጹ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋውም። ያም ሆኖ ልቤ ከወጣቱ ጋር ነው። «ምስባክ» ለሰባኪው መቆሚያ ስም ቢሆን ደስ ባለኝ። ቃሉ አጭር ነው፤ የራሳችን ነው፤ ከሰባኪና ከስብከት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሆኖም በአማርኛ ማንም እንዲህ አይለውም። ነሐሱ ላይ «ምስባክ» ብለው ቢያስቀርጹ ምእመኑ ቆሞ ሦስቱን መስመር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። ሰባኪው የሚቆምበት ቦታ በእኛ ስም አጥቶ አያውቅም። ዐውደ ምሕረት ይባላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከቅጽሩ ውስጥ፣ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ገላጣ ስፍራ ነው። እዚህ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ።

«ዐውድ» ዙሪያ ነው፤ ክብ ቦታ። ዓመቱ ዞሮ ሲመጣ «ዐውደ ዓመት» እንላለን፤ በአፋችን «አውዳመት» ሆኗል። የዘመኑ ቢሮም ቃሉን ወስዶ ዐውደ ጥናት፣ ዐውደ ርእይ፣ ዐውደ ውጊያ ብሏል። በግእዝ «ዐዋዲ» ደግሞ አዋጅ ነጋሪ ነው። ወላዲ በአማርኛ «ወላጅ»፣ ፈራዲ «ፈራጅ» እንደሆነ ሁሉ «ዐዋዲ» የሚለው ድምፅ «ዐዋጅ» ሆነ። ስለዚህ ዐውድና ዐዋጅ የሚቀራረቡ ይመስለኛል፤ ሕዝብ ዙሪያውን የሚቆምበት ቦታና ለዚያ ሕዝብ የሚነገረው ቃል። ምሕረት የሚታወጅበት ዐውድ። ከዚህ የተሻለ የስብከት ቦታ ስም እኔ በየትኛውም ቋንቋ አላየሁም።

ልብ ይበሉ፣ ቃሉ ሰባኪውን ሳይሆን ሰሚውን ነው መሠረት ያደረገው። ስሙን የሰጠው የሕዝቡ መክበብ ነው። የሰባኪው ከፍ ማለት አይደለም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። በአትሮኖስ መጽሐፉ ይከበራል፤ በዐውደ ምሕረት ሕዝቡ ይሰበሰባል። ለሰባኪው ለብቻው የተሰጠ ከፍታና የከፍታ ስም በአሮጌው ቃላችን ውስጥ የለም።

በነገራችን ላይ «አውደ ምህረት» ተብሎ በአልፋው «አ» እና በሃሌታው «ህ» የሚታተመው ባነር ቢቀር ደስ ይለኛል። ዐውድ በዓይኑ «ዐ» ነው። ምሕረት በሐመሩ «ሐ» ነው። ድምፁ አንድ ስለሆነ ምን ልዩነት አለው የሚሉ አሉ። ልዩነቱ ሥሩ ነው። ዐዋጅንና አውዳመትን ከዐውድ ጋር የምናገናኘው በዚያች ፊደል ነው።

«መንበር»ስ? አልጠየቁኝም፤ ግን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። በግእዝ «ነበረ» ተቀመጠ ማለት ነው። መንበር መቀመጫ ነው። አማርኛው «መ»ን ወደ «ወ» ለውጦ «ወንበር» አደረገው። ማቴዎስ 23፥2 ላይ ጻፎችና ፈሪሳውያን በሙሴ ወንበር ተቀምጠዋል የሚለው ስለ ማስተማር ሥልጣን ነው። በጎጃም አንድ መምህር ትምህርት ሲጀምር «ወንበር ዘረጋ» ይባላል። የቅኔ ወንበር፣ የመጻሕፍት ወንበር እንላለን። ማለትም በእኛ ዘንድ መምህር ይቀመጣል፤ ተማሪው ይከበዋል።

ይህ ቃል ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። ባሕር ዳር ውስጥ ዓርብ ወደ መስጊድ የሚሄድ ጎረቤት ካለዎት ኢማሙ ኹጥባ (የዓርብ ስብከት) የሚያደርጉበትን ምን እንደሚሉት ይጠይቁት። «ሚንበር» ይልዎታል። የዐረብኛው ሚንበር ከእኛው መንበር የተወሰደ ነው ያሉ ታላላቅ የሴም ቋንቋ ሊቃውንት አሉ፤ ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ አንዱ ነው። ሌሎች ደግሞ በዐረብኛው «ከፍ አለ» ከሚል ሥር ያወጡታል። እኔ ከኖልደከ ጋር ነኝ። ምክንያት አለኝ። ኢማሙ በሁለቱ ኹጥባዎች መካከል ሚንበሩ ላይ ቁጭ ይላሉ። መቀመጫነቱ እስከ ዛሬ አለ። ለእርስዎ ዕቃ ግን መንበር አይሆንም። በቤተ ክርስቲያን መንበር የታቦቱ ነው፤ መንበረ ታቦት። በዚያ ስም አይቀልዱበት።

አሁን ደስ ወደማይለኝ ቃል ልምጣ። መድረክ።

መድረክ ድሮ የበር ወለል ነው። ከቤት ሲወጡ እግር የሚያልፍበት፣ የመቃኑ ታችኛው አግዳሚ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ኢሳይያስ 6፥4 ላይ የመድረኩ መሠረት ተናወጠ ሲል ቴአትር ቤት አይደለም የሚያወራው፤ የቤተ መቅደሱን ደጅ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ነህምያ 8፥4ን ይግለጡ። ዕዝራ ሕጉን ለሕዝቡ ሊያነብ የቆመው ለዚሁ ተብሎ ከእንጨት በተሠራ ከፍታ ላይ ነው። ተርጓሚዎቹ ያንን ከፍታ «መድረክ» አላሉትም፤ «የእንጨት መረባርብ» አሉት። ርብራብ ከምንለው ጋር አንድ ሥር ነው፤ ተነባብሮ የተረበረበ እንጨት። መድረክ ለእነሱ ገና የደጅ ቃል ነበረች።

ከዚያ ቴአትር መጣ፣ ስብሰባ መጣ፣ ፖለቲካ መጣ። መድረክ ከደጃፍ ተነሥታ ተዋናይና ተናጋሪ የሚወጣባት ሆነች። ፕሮቴስታንት ወንድሞቻችን ቀድመው ለስብከት ቦታ ወሰዷት። «የመድረክ አገልግሎት»፣ «መድረክ መሪ» የሚሉት የየዕለት ቋንቋቸው ነው፤ ለእነሱ የተስማማ ቃል ነው፤ ቅሬታ የለኝም። አሁን ግን በእኛም አጥቢያ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሲሚንቶ ፈሰሰ፣ ቆርቆሮ ለበሰ፣ መጋረጃ ተዘረጋ፣ ማይክ ተተከለ። ከፍ ያለ ወለል ስለሆነ መድረክ ተባለ። እሑድ ማታ በጉባኤ ሰዓት ሄደው ይስሙ። «መድረኩን ለመምህራችን እለቃለሁ» ይላል መርሐ ግብር መሪው። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆነው ይሰማሉ። ማንም አይደነግጥም።

እኔ እደነግጣለሁ። መድረክ ስል ጭብጨባ ይታየኛል። ትርኢት ይታየኛል። ስብከት ደግሞ ትርኢት አይደለም።

ይህ ስሜት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ማስረጃው ጭራሽ በተቃራኒው ይሄዳል። እንግሊዞች ለስብከት ከፍታቸው የሚሉት «ፑልፒት» ከላቲኑ «ፑልፒቱም» የመጣ ነው። ፑልፒቱም ደግሞ የእንጨት መድረክ ነው፤ የቴአትር ተዋናዮች የሚቆሙበትንም ይጨምራል። የሮማ ልጆች ከቴአትር ወስደው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ቃሉም ከጊዜ ጋር ተቀደሰ። መድረክም በመቶ ዓመት ውስጥ እንዲሁ ሊቀደስ ይችላል። ከተማው ሁሉ ብሎታል፤ ካህናቱም ብለውታል። ከፍ ላለው ወለል መድረክ ትክክለኛ አማርኛ ሆኗል። ይህን የምጽፈው እያመመኝ ነው። እኔ ግን እስክሞት ዐውደ ምሕረት እላለሁ።

ሆኖም «መድረክ በሉትና ተገላገሉ» ያሏችሁ አባላት እዚህ ላይ አይረዱም። እናንተ ያሠራችሁት ወለሉን አይደለም። ወለሉ ላይ የሚቆመውን ዕቃ ነው። መድረክ ላይ አትሮኖስ ይቆማል፤ መድረክ ራሱ አትሮኖስ አይደለም። አናጺው የጻፈው «ፖዲየም»ም ከዚሁ ጎራ ነው። ሥሩ የግሪክ «እግር» ነው፤ የሚቆሙበት እንጂ መጽሐፍ የሚያስቀምጡበት አይደለም። ባለሙያው አይወቀስም፤ የሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ ደንበኞቹ የሚያዙት በዚያ ስም ነው። ደረሰኙ ላይ ይቆይ። ነሐሱ ላይ ግን አይግባ።

አንድ ነገር ሊሉኝ ይችላሉ። «የእኛ ዕቃ አይታጠፍም፤ ባለ አንድ ዓምድ ነው፤ ላዩ ተዳፋት ሰሌዳ ነው። የዘጌውን አይመስልም፤ እንዴት አትሮኖስ ይባላል?» ይባላል። ስሙን የሰጠው ሥራው ነው። መጽሐፍ ተዘርግቶ የሚነበብበት እስከሆነ ድረስ ታጠፈ አልታጠፈ ለውጥ የለውም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ማይክ ማሰሪያና የውኃ ፕላስቲክ ማስቀመጫ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር። መጽሐፍ የማይቀመጥበት አትሮኖስ ስሙን ያጣል።

ሰሌዳውን እንዲህ ያስቀርጹት፦ «መምህራን በፊቱ ቆመው ወንጌልን ያስተምሩበት ዘንድ ይህ አትሮኖስ በማኅበሩ ተበረከተ»። «ላይ ወጥተው» ይቅር፤ «በፊቱ ቆመው» ይግባ። ከቀራጩ ጋር ሲነጋገሩ «አትሮኖስ» በአልፋው «አ» መሆኑን በወረቀት ጽፈው ይስጡት፤ በቃል ብቻ አይንገሩት። ቦታውንም መጥቀስ ከፈለጋችሁ «ለዐውደ ምሕረቱ» ብላችሁ ጨምሩ፤ በዓይኑ «ዐ» እና በሐመሩ «ሐ»። ለመሪጌታው ደግሞ ምስባኩ በቦታው እንደሆነ ይንገሩልኝ። ለወጣቱ ግእዝ ተማሪም «ምዕራፍ»ን እንዲያስብበት።